«ሸክላ? አሜሪካ ድረስ ሄደሽ?»

ሰሞኑን አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ በቴሌግራም «ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው የተማርሽው አሉ፣ ሥዕል ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልፈርድበትም። የሰፈራችን ሰው እስከ ዛሬ ፖለቲካ ተምሬ የመጣሁ ነው የሚመስለው፤ «ሊበራል» የሚለውን ቃል ሰምቶ። አጎቴማ አንዴ ለቅሶ ቤት ውስጥ «ይቺ ልጅ ተጠንቀቁላት፣ ሊበራል ናት» ብሎ አስቆብኛል።

የተመረቅሁት በኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ለልጁ መልስ ልጽፍለት ጀምሬ ስለረዘመብኝ እዚህ አመጣሁት።

ቃሉ ከፓርቲ ጋር አይገናኝም። ከላቲን የመጣ ነው፣ ለነጻ ሰው የሚገባ ትምህርት እንደማለት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባት ነበሩ፦ ሰዋስው፣ ንግግር፣ አመክንዮ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ብዙ ጊዜ ትንሽ ግቢ ነው። ሁለት ሺህ ተማሪ ገደማ ይኖረዋል፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ እምብዛም የለውም፣ መምህሩ ከሁሉ በፊት የሚቀጠረው ለማስተማር ነው፣ ተማሪውም አራቱን ዓመት አብዛኛውን እዚያው ያድራል። ሜጀር፣ ማለትም የምትመረቅበት ዋና ትምህርት፣ የሚመረጠው በብዙዎቹ ዘንድ ሁለተኛ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። እስከዚያ ከዚህም ከዚያም ትቀምሳለህ። ኮምፒውተር ልማር ብሎ የመጣው ታሪክ ይወስዳል፣ ታሪክ ልማር ያለው ላብራቶሪ ይገባል።

ኮፊ አናን ከእንደዚህ ዓይነቱ ነው የወጡት። ሜኔሶታ ካለው ከማካሌስተር ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1961። እማዬ «ይሄ ኮሌጅ የምትይው ዩኒቨርሲቲ መግባት አቅቶሽ ነው?» ስትል የማነሳላት እሳቸውን ነበር።

የእኔ ግቢ ማካሌስተር አይደለም። ስሙን አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ። በቆሎ ማሳ መሀል ያለ፣ ከእኛ ካምፓስ ሌላ ይሄ ነው የሚባል ነገር በሌለው ከተማ ውስጥ ያለ ግቢ ነው። በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በሁለት ሻንጣ ደረስኩ። አንደኛው ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ነበር።

የመጀመሪያው ክላስ፣ ፍልስፍና፣ ስገባ ክፍሉን የተሳሳትኩ መሰለኝ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን 14 ወንበር። በቃ። የኋላ ወንበር የለም። እኔ ደግሞ የኋላ ወንበር ሰው ነኝ። ጎንደር ስማር አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ነበርን፣ ሰቃይ ነበርኩ፣ ግን ድምፄን የሚያውቀው መምህር ያለ አይመስለኝም። እጅ ማውጣት የአሽቃባጮች ሥራ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ተብሎ ነው ያደግነው።

ሲላበሱ (የኮርሱ ዕቅድና የውጤት አሰጣጡ ያለበት ወረቀት) ላይ «ተሳትፎ 20%» ይላል። ተሳትፎ ማለት መገኘት መስሎኝ አንድም ቀን ሳልቀር፣ ሳላረፍድ፣ የተባለውን መጽሐፍ ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበብኩ ሄድኩ። ምዕራፍ ስጠኝ ብትለኝ በቃሌ እልልህ ነበር፣ ሽምደዳ ላይ ማን ብሎኝ። በግማሽ ሴሚስተር የመጣልኝ ውጤት ቢ ማይነስ። ወረቀቴ ላይ ያለው አስተያየት አጭር ነበር፤ ጸሐፊው ምን እንዳለ በደንብ ነግረሽኛል፣ አንቺ ምን ትያለሽ?

እኔ? እኔ ማን ነኝና? የ18 ዓመት ልጅ፣ ከአንድ ትልቅ ፈላስፋ ጋር ምን አገባኝ?

ነገሩን ለመምህሩ ለማስረዳት ቢሮ መሄድ ነበረብኝ። ይሄ ሌላ ጣጣ። እኛ አገር መምህር ቢሮ የሚኬደው አንድም ሊቀጡህ ሲጠሩህ፣ አንድም ውጤት ሲበላሽ ለልመና ነው። እነሱ ግን በር ላይ ሰዓት ለጥፈው፣ በሩን ከፍተው፣ ሻይ አፍልተው ሰው ሲጠብቁ ይውላሉ። ሦስት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ደግሞ ሁሉም በስማችን ጥሩን ይላሉ። አንድ ሽበታም ሰውዬ በባዶ ስም! እንግሊዝኛ አንቱ የሚለው ስለሌለው ነው መሰለኝ ምንም አይመስላቸውም። እኔ አራት ዓመት ሙሉ «ፕሮፌሰር» እንዳልኩ ተመረቅሁ።

በአራተኛው ገባሁ። ዝምታዬ ስንፍና ሳይሆን አክብሮት መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቅ አላሉም። ከዚያ አንድ ዘዴ ሰጡኝ፤ በሚቀጥለው ክላስ መልስ አታምጪ፣ ያልገባሽን አንድ ነገር ብቻ አምጪ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጣይውና ከዚያ ዝም በይ። ሠራ። አንዴ አፍ ከተከፈተ ቀሪው ቀላል ነው፣ በኋላ እንዲያውም ዝም በይ የምባል ሆኛለሁ።

ነፍሳቸውን ይማረውና አያቴ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ነበሩ። አሁን ሳስበው ግቢያችን ይበልጥ ይገባቸው የነበረው ከእኔ ሃይስኩል ዳይሬክተር ይልቅ ለእሳቸው ነው። ከየኔታ ደጅ ጎጆ ቀልሶ መኖር፣ ቅኔ ቆጥሮ ሄዶ መንገር፣ ፊት ለፊት መታረም፣ ማታ ከጓደኛ ጋር በአንዲት ቃል መከራከር። ቆሎ ትምህርት ቤት ውስጥም መደበቂያ የለም።

አሁን ወደ ሸክላው ልምጣ።

ለመመረቅ አንድ የጥበብ ኮርስ ግዴታ ነው። ሥዕል ሞልቶ ነበር፣ ቲያትር ስሙን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ፣ የቀረው ሸክላ ነው። ገባሁ። በዚያው ሳምንት እማዬ በቫይበር ደወለች።

«ምን ምን ነው የምትማሪው ዘንድሮ?»

«ሒሳብ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ታሪክ… ሸክላ።»

ዝም አለች። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

«ሸክላ? አሜሪካ ድረስ ሄደሽ?»

«ግዴታ ነው እማዬ።»

«በይ ለሰው እንዳትናገሪ።»

ጎንደር ያደገ ይሄ ይገባዋል። ለማያውቅ ግን፤ ከከተማችን በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ርስት ተከልክለው ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ከእነሱ እንገዛለን፣ ዘወር ስንል ቡዳ እንላቸዋለን። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ እስራኤል ገብተዋል። ስድቡ ግን አብሯቸው አልሄደም፣ ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል በብዙ ቤት ዛሬም የሥራ ስም ብቻ አይደለም።

መምህሯ፣ ሁሌ ሽርጣቸው ጭቃ የሆነ ትልቅ ሴትዮ፣ በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዳችን ከየቤታችን አንድ ዕቃ መርጠን እንድናወራ አዘዙ። ደስ አለኝ። ጀበና! በዚያን ጊዜ አፌ ተፈትቷል። ስለ ቡናው አወራሁ፣ ስለ አቦሉ፣ ስለ ቶናው፣ ስለ በረካው፣ ቄጤማው፣ ዕጣኑ። አሥር ደቂቃ ሙሉ አገሬን ሸጥኩ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ብዙ የማይናገር ልጅ «ማን ነው የሚሠራው?» አለ።

«ሴቶች ናቸው» አልኩ።

«የትኞቹ ሴቶች?»

ክፋት የለውም ጥያቄው፣ ልጁ እንዲሁ ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ቡና ስጠጣበት የኖርኩትን ጀበና የሠራችውን ሴት ስም አላውቅም። ስሟ ይቅርና ያንን ነገር በእጅ እንዴት እንደምታቆመው አላውቅም። የማውቀው ምን እንደምትባል ብቻ ነው። ጠረጴዛው ክብ ነው፣ ዘጠኝ ሰው ያየኛል። እንደ ቱሪስት ቢሮ ማስታወቂያ አንድ ነገር ብዬ ማለፍ እችል ነበር። መምህሯ ዝም ብለው ጠበቁ፤ እነዚህ ሰዎች ዝምታን አይፈሩም፣ እስክትሞላው ይጠብቁሃል። እና ነገርኳቸው። ወለቃን፣ ርስቱን፣ ቡዳ የሚለውን፣ እማዬ በስልክ ያለችኝን ሳይቀር። እንግሊዝኛዬ እየተደነቃቀፈ።

ከዚያ ክፍል ስወጣ ተናድጄ ነበር። በማን እንደሆነ አላውቅም። ገመናችንን ለፈረንጅ ዘርግፌ የወጣሁ መሰለኝ። ዶርም ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። በነጋታው ግን ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፣ በዚያው ሴሚስተር የታሪክ ኮርሱ ላይ የምጽፈው ርዕስ አልተገኘልኝም ነበርና ይሄንኑ አደረግሁት። ጎንደር ተወልጄ ስለ ጎንደር ያላወቅሁትን በቆሎ ማሳ መሀል ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ግቢው የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በውሰት ያስመጡልሃል፣ በነጻ፣ በሳምንት ውስጥ። ስለዚያ ቤተ መጻሕፍት ክፉ ቃል የለኝም።

ሥራው ራሱስ? ከባድ ነው። ሌሎቹ በሚሽከረከረው ጠረጴዛ ላይ ሲሠሩ እኔ እንደ አገሬ ሴቶች ያለ ሽክርክሪት፣ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦልኩና እየደራረብኩ ላቆመው ወሰንኩ። ሆዱ እሺ ይላል። አንገቱ ላይ ስትደርስ ይዘምማል። ቀጥ ስታደርገው ሆዱ ይጎብጣል። የመጀመሪያው ጀበናዬ ወፍራም ነበር፣ በደንብም ሳይደርቅ ምድጃ ገባ። ውስጡ እርጥበት ያለበት ሸክላ ሲግል ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ይፈነዳል። ጠዋት ምድጃው ሲከፈት የእኔው ስብርባሪ ሆኖ፣ በጎኑ የነበሩ የሁለት ልጆች ሳህን ይዞ ሄዷል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ያልፍ ይሆናል። እዚያ ግን አንደኛዋ የዶርሜ ጎረቤት ናት፣ ሌላው አብሮኝ ዕቃ የሚያጥብ ነው። ምሳ ላይ ለሁለቱም ይቅርታ ስጠይቅ ነበር።

ዕቃ ማጠብ ስል፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ትምህርት እያለ መሥራት የሚችለው ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የእኔ ድርሻ የካፌው ማጠቢያ ክፍል ሆነ። ሰሃኑ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ ከወዲያ በኩል ተማሪው በትንሽ መስኮት ያስገባል፣ ከወዲህ እኛ በእንፋሎት ውስጥ እንቀበላለን። የሚደፋው ምግብ ያማል፣ እሱን አልነግርህም። አንድ ማታ በመስኮቱ የዚያን የፍልስፍና መምህር ፊት አየሁና ጎንበስ ብዬ ከመደርደሪያው ስር ተደበቅሁ። መምህሬ ሰሃን ሳጥብ እንዲያየኝ አልፈለግሁም፣ የኩራት ነገር። ሰውዬው አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ስሜን ጠርተው «የነገውን ንባብ 40ኛው ገጽ ላይ ያለውን አልተስማማሁበትም፣ አንቺስ?» አሉኝ። ጓንት እንዳጠለቅሁ፣ ሽንኩርት ፀጉሬ ላይ። ተነሳሁና መለስኩላቸው። ቀበቶው ቆመ፣ አለቃችን ጮኸችብን።

ካፌው ካለው ሁሉ የወደድኩት የቪጋኑን ጥግ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴውን በሙሉ፣ ተንደላቅቄ ጾምኩ። አንዲት ልጅ «ለእንስሳቱ ብለሽ ነው?» አለችኝ። ለነፍሴ ብዬ ነው ስላት ያሾፍኩባት መሰላት።

ቅሬታዬ በዓል ላይ ነው። በኅዳር ለአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) ግቢው ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ዶርሙ ክፍት ነው፣ ካፌው ግን ይዘጋል። የመጀመሪያው ዓመት ይሄን የነገረኝ የለም፣ ወይም በአንድ ረጅም ኢሜይል ግርጌ ተጽፎ አላየሁትም። አራት ቀን በሽሮና በኢንዶሚ፣ ከተማው ውስጥ አንድ ሱቅ ክፍት ሳይሆን፣ በረዶ እየጣለ። ከመላው ዓለም ተማሪ አመጣን እያለ ብሮሹሩ ላይ ፎቷችንን የሚለጥፍ ግቢ፣ እነዚያ ልጆች በበዓል የት እንደሚበሉ ያላሰበበት መሆኑ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ሰዓት የሚርቅ ከተማ ያሉ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ ወሰዱኝ። ዶሮ ወጥ ሳይ አለቀስኩ፣ ሴትየዋ ቅመሙ በዝቶብኝ መስሏት ደነገጠች።

ሌላው ችግር ያው ትንሽነቱ ነው። ክላስ ውስጥ የጠቀመኝ ዶርም ውስጥ አሰለቸኝ። ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣህ ማታ ሁሉ ያውቃል። ከአንድ ሰው ጋር ከተኳረፍክ በቀን ሦስት ጊዜ ካፌ ታገኘዋለህ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ትልቅ ከተማ፣ ማንም የማያውቀኝ ባቡር ውስጥ መቀመጥ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። ይሄን የማይወድ ሰው አይሂድ፣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲም ጥሩ ነው።

ልጁ «የትኛው ይሻላል?» ብሎም ጠይቆኛል። አንዱ ከአንዱ በጣም ይለያል። ኮሎራዶ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አንድ ጊዜ አንድ ኮርስ ብቻ ነው፣ ሦስት ሳምንት ተኩል፣ ከዚያ ቀጣዩ። ዊሊያምስ ሁለት ተማሪና አንድ መምህር ብቻ የሚቀመጡበት ክላስ አለው፣ አንዱ ይጽፋል ሌላው ይተቻል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። እኔ ብሆን እዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸሽቼ ነበር። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ተማሪው ሁሉ ግን ይሠራል። ሪድ ላይ ሁሉም ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይጽፍ አይወጣም።

ገንዘቡን ሳላነሳ አልልፍም። የታወቁት ብዙዎቹ የዓመት ወጪያቸው ዛሬ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ማንም ሐበሻ ከኪሱ የሚከፍለው አይደለም፣ ኮሌጁ ነው የሚሸፍነው፣ ስለዚህም አብዛኞቹ ለውጭ ተማሪ ቦታ ሲሰጡ ምን ያህል እርዳታ እንደሚፈልግ ያያሉ። ሳያዩ የሚቀበሉ ጥቂቶች ናቸው፣ አምኸርስትና ቦውደን ከእነሱ ውስጥ ናቸው፤ መግባቱ ግን የመርፌ ቀዳዳ ነው። «እኔ አስገባሃለሁ» ብሎ ብር የሚቀበልህን ደላላ ከስልክህ ላይ አጥፋው። ማመልከቻውን እኛው በኢንተርኔት ካፌ፣ መብራት እየጠፋብን ነው የሞላነው።

ሸክላው ለሥራ ጠቀመሽ ወይ ካልከኝ፣ ማንም ቀጣሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ኮድ ነው የጠየቁኝ። ያንን ደግሞ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ልጆች ከእኔ በላይ ብዙ ኮርስ ወስደው ነበር፣ እኩል ለመድረስ የመጀመሪያውን ዓመት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስብሰባ ላይ ግን አልገባኝም ማለት አላፍርም።

ሁለተኛው ጀበና ቆመ። ጆሮው ትንሽ ጠማማ ነው፣ አንገቱም ወደ ግራ ያያል፣ ውሃ ሲጨመርበት ከስሩ ያንጠባጥባል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ስሄድ በሹራብ ጠቅልዬ ይዤው ገባሁ። እማዬ ተቀብላ ገለባበጠችው፣ በጣቷ ቆረቆረችው፣ ምንም አላለችም። ማታ ሳሎን መደርደሪያው ላይ፣ ከፎቶዎቹ ጎን አየሁት። በማግስቱ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ «ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አለቻት።

እማዬ ቡናዋን እየቀዳች፣ በእኔ በኩል ሳታይ፣ «ከአሜሪካ ነው» አለች።

«እዚያም ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ መሰለኝ» አለች።